ቤት ካለው ነገር ሾርባና ወጥ መሥራት፦ በባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ ጎጆ የወጡ ልጆች፣ ለሥራ ወደ ከተማችን የመጡ ላጤዎችና ወር ሲጋመስ ጓዳቸው የሚሳሳባቸው ጎረቤቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በባሕር ዳር ገበያ፣ በባሕር ዳር አየርና በጣና ዓሣ ልክ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ መጠኑንና ሰዓቱን ለራሳችሁ አስተካክሉት።

ቤት ውስጥ ሁለት ሽንኩርት፣ አንድ ድንችና የሽሮ ትራፊ ብቻ አለኝ። ከዚህ ምን ይወጣል?

ለአራት ሰው እራት ይወጣል። ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ አውጡና ከመካከላቸው ቆይቶ የሚበስለው የቱ እንደሆነ ለዩ። እሱ ቀድሞ ይገባል፣ ቶሎ የሚበስለው ይከተላል፣ እሳት የማይፈልገው ድስቱ ሊወርድ ሲል ይገባል። እዚህ ገጽ ላይ ያለው መልስ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ቅደም ተከተል ጋር ይገናኛል።

በግምት እንዲህ ነው፦ አጥንት፣ ድፍን ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ሰዓታት ይፈልጋሉ። የተከካ ገብስና የአተር ክክ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳሉ። ድንች፣ ካሮት፣ ዱባና የምስር ክክ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ጥቅል ጎመን ከዚያ ያንሳል። ቆስጣና ዓሣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ቃሪያ፣ ሎሚና መከለሻ ከእሳት ሲወርድ። ብዙ ሰው ሁሉንም በአንዴ ይከትና ካሮቱ ገና ሳይለሰልስ ቆስጣው ሟሙቶ ይጠፋበታል።

ለተጠየቀው፦ ሽንኩርቱን አቁላሉ፣ ድንቹን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉና ጨምሩ፣ ውሃ አድርጋችሁ ክደኑት። ድንቹ ሊበስል ሲል ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ አፍስሱ። ሽሮን በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ መነስነስ ነው የሚያጓጉለው። ለ1 ብርጭቆ ሽሮ ከ3 እስከ 4 ብርጭቆ ውሃ ይሄዳል፤ ድንች ካለበት ግን ሽሮው ግማሽ ብርጭቆም ቢሆን ድንቹ ራሱ ስለሚያወፍረው ወጡ አይቀጥንም።

ከጓዳ መጥፋት የሌለበት ምንድን ነው?

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ አዮዲን ያለው ጨው፣ በርበሬ፣ እርድ፣ ምጥን ሽሮና ከክክ ወይም ከምስር አንዱ። የቻለ ሰው ትንሽ ቋንጣ ያንጠልጥል፤ አንድ እፍኝ ቋንጣ ሰባብሮ ሽሮ ላይ መጨመር የቤቱን ሰው ሁሉ ወደ ማዕድ ይጠራል። የሾርባ ኪዩብ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው አውቄ ነው። አብዛኛው ጨው ነው፣ ሁሉንም ሾርባ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። የለመደበት ሰው ካለ ደግሞ ኪዩቡን ጨምሮ እስኪቀምስ ድረስ ጨው አይንካ።

ቁሌቴ ለምን አይሰምርም? ሽንኩርቱ ወጡ ውስጥ ተለይቶ ይታያል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል።

ችኮላ ነው። ጣፋጭ ወጥ የሚሠራበት ጊዜ ሥጋው ወይም ክኩ ከመግባቱ በፊት ያልፋል፤ እዚያ ላይ የተሰረቀ ሃያ ደቂቃ በኋላ በቅመም አይመለስም።

ሽንኩርቱ በደንብ ይድቀቅ። ድስቱ ውስጥ ያለ ዘይት፣ በለስላሳ እሳት፣ ቁንጥር ጨው ጣል አድርጋችሁበት አቁላሉት። ጨው የሽንኩርቱን ውሃ ስለሚያወጣው በራሱ ውሃ ይበስላል። ሲደርቅና ከድስቱ ሊጣበቅ ሲል ጠብታ ውሃ፣ እንደገና ሲደርቅ እንደገና። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ሽንኩርቱ ቅርጹን ሲያጣ ዘይቱ ይግባ። ከዚያ በርበሬው፤ በርበሬ ዘይት ላይ ብቻውን ከቆየ በአንድ አፍታ ያርርና ይመራል፣ ስለዚህ ጎኑ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ሙቅ ውሃ ይኑር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከበርበሬው ኋላ ይገባሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ከቀይ ሽንኩርቱ ጋር በአንድ ላይ ከተጀመረ ጠቁሮ ይቀራል። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። የጥሬ በርበሬው ሽታ ሲጠፋና ዘይቱ ወደ ድስቱ ዳር ሲወጣ ቁሌቱ ደረሰ ማለት ነው። ሰዓት ከማየት ይልቅ እነዚህን ሁለቱን ጠብቁ።

በዚህ ዓይነት ሲሠራ ዘይት ቆጣቢ ነው። ለሁለት ትልልቅ ሽንኩርት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

ቅዳሜ ሰፋ ባለ ድስት ብዙ ሽንኩርት አቁላልቶ፣ በርበሬ ሳይገባበት፣ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ለሠራተኛ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ማክሰኞ ማታ በርበሬ ቢገባበት ቀይ ወጥ፣ እርድ ቢገባበት አልጫ፣ ውሃና ካሮት ቢገባበት ሾርባ ይሆናል።

ሽንኩርት ሲወደድስ?

በበጋ የፎገራ መስኖ ሽንኩርት ወደ ቅዳሜ ገበያ በብዛት ሲገባ ችግሩ አይሰማም፤ ክረምት ላይ ነው የሚብሰው። ግማሹን ሽንኩርት ተጠቀሙና ቀሪውን በተፈገፈገ ካሮት ወይም በባሮ ሽንኩርት ሙሉት። ካሮቱ ጣፋጭነቱን ይተካል፣ ውፍረቱን ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ አንድ ትንሽ ድንች ፈግፍጎ መጨመር ያንን ያስተካክላል። የጥቅል ጎመን እንብርትም እንዲሁ ደቆ ቢገባ ይሠራል፤ እኔ ግን በቀይ ወጥ ውስጥ አልወደውም፣ ለአልጫና ለሾርባ ይሁን።

ክኩና ሽምብራው ለሰዓታት ተንተክትኮም አልበስል ይለኛል። እህሉ ነው ወይስ እኔ?

ከፊሉ ከተማችን ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው የለመደው ሰዓት እዚህ አይበቃውም፤ ደብረ ታቦር ወይም ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከኛም ይብሳል። እሳቱን ማብዛት ውሃውን ከ94 አያሳልፈውም፤ ከሰሉን ይጨርሳል፣ ውሃውን ያተናል። ድስቱ ይከደን፣ እሳቱ ለስለስ ይበል፣ ሰዓቱ ይርዘም። ፕሬሸር ድስት ያለው ሰው ይህን ችግር ያልፋል፤ እንፋሎቱ ሲታፈን ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ሁለት ሰዓት የሚፈልገው ሽምብራ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይለሰልሳል።

የቀረው የእህሉና የአሠራሩ ነገር ነው። ድፍን ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርና ቦሎቄ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደሩ፤ የምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ከአምናና ከካቻምና የተረፈ ጥራጥሬ ቢዘፈዘፍም ይጠነክራል፤ ስለዚህ የድሮውንና የዘንድሮውን አትቀላቅሉ፣ አንዱ ሲፈርስ ሌላው እንደጠነከረ ይቀራል። ቲማቲምና ሎሚ ጥራጥሬው ከበሰለ በኋላ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬን ልብ ያደነድናል። ጨው ግን በተለምዶ እንደሚባለው አያጠነክርም፣ ሲዘፈዘፍም ትንሽ ጣል ቢደረግበት ቆዳውን ያለሰልሰዋል። አልበስል ያለ እልኸኛ ከገጠማችሁ ለግማሽ ኪሎ የሻይ ማንኪያ ሩብ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ከዚያ ካለፈ የሳሙና ጣዕም ያመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ሆድ የሚያናጋ መርዛማነት አለው። ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ክፉኛ ይፍላ። መደበኛው ምክር 10 ደቂቃ ነው፤ በኛ ከፍታ 30 ደቂቃ ብትሉት ይሻላል። ሳይፈላ ለብ ባለ ከሰል ላይ ጥዶ ማሳደር መርዙን አያጠፋውም።

ገበያ ላይ ርካሽ ያገኘሁት ጓያ ነው። ለሽሮና ለሾርባ ይሆናል?

ይህን በችኮላ መመለስ አይገባም። ጓያ በፎገራና በደንቢያ ጥቁር አፈር ላይ፣ ዝናቡ ካለቀ በኋላ በተረፈው እርጥበት የሚበቅል፣ ሌላው እህል ሲከዳ የሚታመን ጥራጥሬ ነው። ፕሮቲን አለው፣ ሽሮውም ይጣፍጣል። ውስጡ ግን የነርቭ ጉዳት የሚያመጣ ንጥረ ነገር አለ። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ የተመገበ ሰው እግሩ ሊያዝ ይችላል፤ ያ ሽባነት ደግሞ አይድንም። በድርቅና በችግር ጊዜ በአገራችን ብዙ ሰው የጎዳው በዚህ መንገድ ነው፤ ወጣት ወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ።

አንዳንዱ እንፋሎቱ ነው የሚጎዳው ብሎ ድስቱን ሸሽቶ ይቆማል፣ ከዚያ ወጡን ጠግቦ ይበላል! አደጋው ያለው ከሚበላው ብዛትና ከሚቆይበት ጊዜ ነው።

ሌላ ምርጫ ካላችሁ ባቄላ ወይም አተር ግዙ። ከሌለ ግን ጓያውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን እየደፋችሁ ደጋግማችሁ ለውጡ፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ የተቀቀለበትንም ድፉ። ይህ መርዙን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። መቁላት ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ ተቆልቶ የተፈጨ የጓያ ሽሮ እንዳልታጠበ ቁጠሩት። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና በየቀኑ አለመብላት ግዴታ ነው። ከማታውቁት ሰው ሽሮ በኪሎ ስትገዙ ምን ምን እንደተፈጨበት ጠይቁ።

ዓሣ ወጥ ስሠራ ዓሣው ይፈራርስና ወጡ ገንፎ ይሆናል። ምን ላድርግ?

ዓሣው ቀድሞ ስለገባ ነው። ቁሌቱ ለብቻው፣ ዓሣ እንደሌለ ተቆጥሮ፣ እስከ መጨረሻው ይብሰል፤ ውሃውም ተጨምሮ ይፍላ፣ ጨው ይቀመስ። ዓሣው ከዚያ በኋላ ነው። ወፍራም ቁራጭ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ስስ ፊሌቶ ከዚያም ያንሳል። ማማሰያ አይነካው! ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ሥጋው ነጭ ሆኖ በንብርብር ሲላቀቅ አውርዱ።

የትኛው ዓሣ ለሚለው፦ ቆሮሶ ሥጋው ጠንከር ያለ፣ አጥንቱ ትልልቅና ለማውጣት ቀላል ስለሆነ ልጆች ላሉበት ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቅባታም ነው፣ በቀይ ወጥ ውስጥ ሳይፈርስ ይቆያል፤ አንዳንዴ የጭቃ ጠረን ስለሚኖረው በጨውና በሎሚ አሽታችሁ ለሩብ ሰዓት አቆዩና እጠቡት። የዘጌ ሎሚ በተገኘበት ከተማ ይህን መዝለል ስንፍና ነው። ብዙ ሰው ነጭ ዓሣ የሚለው የባርበስ ወገን ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ አጥንት ስላለበት ለወጥ አልመክረውም፣ ለሾርባ ቀቅሎ ማጥለል ይሻላል። ከእነዚህ ዝርያዎች ወደ 15 የሚሆኑት ከጣና በቀር ሌላ ቦታ አይገኙም። በክረምት ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ስለሚወጡ፣ በዚያ ወቅት ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ሲቀርብልኝ አልፌው ቆሮሶ እገዛለሁ።

ሲገዛ ዓይኑ የጠራ፣ መተንፈሻው ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው የሚመለስ ይሁን። በሙቀት ሰዓት ከሐይቅ ዳር ገዝቶ ከተማ ሲዞሩ መዋል አይሆንም፤ በቀጥታ ወደ ቤት፣ በዚያው ቀን ወደ ድስት።

የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት መጣል አለበት?

በፍጹም። በሐይቁ ዳር ፊሌቶ የሚያወጡ ልጆች ጋ ጭንቅላቱና አከርካሪው በጣም በርካሽ ይገኛል፤ ለእኔ ከፊሌቶው የሚበልጠው እሱ ነው። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ቀዩን መተንፈሻ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ካልወጣ ሾርባውን መራራ ያደርገዋል። ደሙን አጥባችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት። አንድ ሽንኩርት ለሁለት ከፍላችሁ፣ ዝንጅብልና ሦስት አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። አረፋውን ግፈፉ፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ለስለስ ባለ እሳት አቆዩና አጥሉ። የበሬ አጥንት በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል፤ የዓሣ አጥንት ከዚያ ካለፈ ይጎመዝዛል።

በተጣራው ውሃ ካሮትና ድንች አብስሉ፣ ከጭንቅላቱ ላይ የተለቀመውን ሥጋ መልሱ፣ ሲወርድ የተከተፈ ቃሪያና የሎሚ ጭማቂ። አንድ እፍኝ ሩዝ ቢገባ ራሱን የቻለ ምሳ ነው።

ዓሣ በጾም ይበላል?

እንደየቤቱ ነው፤ የሚበላም የማይበላም አለ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ የማይበላው ይበዛል። እንግዳ ስትጠሩ ጠይቃችሁ ሥሩ። ለማይበላው የሽምብራ ዓሣ አለ፦ የሽምብራ ዱቄት በትንሽ ውሃና ዘይት ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ይጠበሳል ወይም ምጣድ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በደንብ የበሰለ ቀይ ቁሌት ውስጥ ይገባል። እንዳይፈርስ የሚጠበቀው እንደ እውነተኛው ዓሣ ነው።

የጾም ወጥና ሾርባ ለምን ቅልል ይልብኛል? ቅቤ ከሌለ ምን ይተካዋል?

ቅቤው ሁለት ነገር ይሰጥ ነበር፤ ሽታና ውፍረት። ሽታውን ለማምጣት ዘይቱን ራሱን አጣፍጡት፦ በለስላሳ እሳት ላይ ኮሰረት፣ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ በሶብላና ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ ሳይፈላ አቆዩና አጥሉት። ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ እርጥብ ነገር አይቅርበት፣ ቶሎ ይለቅ። ለውፍረቱ ሱፍን የሚያህል የለም። ሱፉ ይታጠባል፣ ለስለስ እስኪል ይቀቀላል፣ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። የወጣው ነጭ ውሃ የዱባ ወይም የድንች ሾርባ ላይ ሊወርድ ሲል ቢፈስ ወተት የገባበት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ብዙ አታፍሉት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ማዋሐድ ነው። የጾም ወጥ ከወረደ በኋላ ተከድኖ ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ጣዕሙ ይለወጣል።

ሾርባዬ ውሃ ውሃ ይላል። በምን ላወፍረው?

በዱቄት ብቻ ለማወፈር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከውስጡ የበሰለውን ድንችና ካሮት አንድ ጭልፋ አውጥታችሁ ደፍጥጡና መልሱት። ያ ካልበቃ የአጃ ቅንጬ፣ የተከካ ገብስ ወይም አንድ እፍኝ የምስር ክክ አለ።

ሩዝ ካላችሁ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለው የፎገራ ሩዝ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ወረታ ከተማ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ናት፤ በሜዳው ላይ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ በሰፊው ይዘራል። በአካባቢው ወፍጮ የተፈተገው ብዙ ስብርባሪ ይኖረዋል፤ ለፒላው የሚጠላው ያ ስብርባሪ ሾርባ ውስጥ ስታርቹን ቶሎ ስለሚለቅ ያወፍረዋል። ከውጭ የሚመጣው ረጅሙ ሩዝ ውድ ሆኖ እያለ ሾርባ ላይ ማባከን አይገባኝም። ለ6 ሰው ሾርባ አንድ እፍኝ ይበቃል፣ ካለፈ እስኪቀዘቅዝ ገንፎ ይሆናል።

የገዛሁት ሥጋ ጅማታም ነው፣ ለጥብስ አይሆንም። ለወጥስ?

ለወጥ የተሻለው እሱ ነው። ሽንጡን ለጥብስ ለሚፈልግ ተዉለት፤ ጅማትና ጮማ ያለው ሥጋ በሁለት ሰዓት ለስላሳ እሳት ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል። ጊዜ ያጠረው ሰው በከተማችን ጓሮ ሁሉ ከማይጠፋው ፓፓያ ገና ያልበሰለ አረንጓዴውን ፈግፍጎ ሥጋውን ይሸው፣ ግማሽ ሰዓት ያቆየውና አራግፎ ይጣደው። በጥሬው ፓፓያ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሥጋ ያለሰልሳል፤ የበሰለው ቢጫ ፓፓያ ግን ይህን ያህል ጉልበት የለውም። ሌሊቱን ካሳደራችሁት ሥጋው ይላሽቃል።

አጥንት ከሆነ ደግሞ ባለ ሥጋ ቤቱ ሰብሮ ይስጣችሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ይጀመር፣ አረፋው ይገፈፍ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ። ከሰል ለዚያ የማይበቃ ከሆነ የቡና ከሰል ሲተርፍ እየጠበቁ በሁለት ቀን ከፋፍሎ መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ በመካከል ማቀዝቀዣ ካልገባ አልስማማም።

ጨው በዛብኝ።

ድንች ይመጠዋል የሚባለው እምብዛም አይሠራም፤ ድንቹ ጨው ያለበትን ውሃ ይጠጣል እንጂ ጨውን ለይቶ አይወስድም። ውሃና ጨው የሌለው ነገር፣ ማለትም ተጨማሪ ክክ፣ ሩዝ ወይም የተበጠበጠ ሽሮ፣ ጨምሩ። ወጡ ይበዛል፤ ለጎረቤት ላኩ።

አረረብኝ።

አታማስሉት። የላይኛውን በቀስታ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ ታቹን አትፋቁ። ቅመሱት፤ ካላረረው ክፍል ላይ ሽታው ከሌለ ተርፏል። ሽታው ከገባበት ግን በርበሬ መጨመር አይሸፍነውም።

ለሕፃንና ለታመመ ሰው ከቤተሰቡ ድስት መስጠት ይቻላል?

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት ካለው ሾርባ ቀንሳችሁ፣ ድንቹን፣ ካሮቱንና ምስሩን ደፍጥጣችሁ መስጠት ይቻላል፤ ዓመት እስኪሞላው ጨው አትጨምሩበት። ለታመመ ሰው የአጃ ሾርባ በጦስኝ፣ ወይም ከላይ የተባለው የዓሣ ጭንቅላት ሾርባ ያለ ቃሪያ። ታማሚው የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት ሐኪሙ የነገረው ይቅደም።

የተረፈው ወጥ እስከ መቼ ይቆያል? መብራት ሲጠፋስ?

ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ደጅ አይቆይ። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት መካከሉ እስከ ሌሊት ሞቆ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ዝቅ ባሉ ትንንሽ ሳሕኖች አከፋፍሉት፣ ዙሪያውን ቀዝቃዛ ውሃ አድርጋችሁ አብርዱትና አስገቡ። ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ዓሣ ያለበት ግን በማግስቱ ይበላ። ስታሞቁ ለብ ማድረግ አይበቃም፣ እስኪፈላ ይሁን፤ የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ።

መብራት ከጠፋ ማቀዝቀዣውን አትክፈቱ፤ እንደተዘጋ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ሥጋና ዓሣ ያለበትን አትመኑ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ሽሮና ክክ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ይሥራ፤ ሽሮ በሙቀት ቶሎ ይቆመጥጣል። ሩዝ ያለበትን ሾርባ በተለይ ደጅ አታሳድሩ፤ በውስጡ የሚፈጠረው መርዝ ዳግመኛ ቢፈላም አይጠፋም።

የደረቀ እንጀራ በሾርባ ይሄዳል?

በደንብ ይሄዳል። ያልሻገተ ድርቆሽ በእጃችሁ ሰባብሩና ወፈር ባለ የምስር ሾርባ ላይ ገበታ ሲቀርብ ነስንሱ፤ ድስት ውስጥ ከገባ ይሟሟል። እንጀራው ገና ከረጠበ ደግሞ የተረፈውን ቀይ ወጥ በሙቅ ውሃ አቅጥኑ፣ አንድ ቲማቲም ጨምሩበትና ፍርፍር አድርጉት። የሻገተ ነጥብ የታየበትን ግን ነጥቡን ቆርሶ ሌላውን መብላት አይሆንም፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።